መርካፕቶፑሪን ራይቦዞምን አይቆልፍም፦ በስፋት ለተነበበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በብዙ ሰው እጅ የገባ አንድ ጽሑፍ 6-መርካፕቶፑሪን የተባለውን የሉኪሚያ መድኃኒት ራይቦዞምን፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራውን ማሽን፣ «የሚቆልፍ» ብሎ ያቀርበዋል። ጽሑፉ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ጉዳዩን ለማስረዳት ደክሞበታል። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው። መድኃኒቱ የፑሪን (ከዲ ኤን ኤና ከአር ኤን ኤ መሥሪያ ሞለኪዩሎች የአንዱ ወገን) አምሳያ ነው፤ ሌላው የፑሪን አምሳያ ፑሮማይሲን በቀጥታ ራይቦዞም ላይ ስለሚሠራ ይህም እንደዚያው ይሠራል። መድኃኒቱ የተጨመረባቸው ሕዋሳት ከ48 ሰዓት በኋላ ወደ ፕሮቲን የሚያስገቡት ሬዲዮአክቲቭ ሉሲን (ምልክት የተደረገበት አሚኖ አሲድ) በግማሽ ይወርዳል። ፖሊዞሞች (በአንድ መልእክት ላይ የተደረደሩ ራይቦዞሞች) ቀንሰው ነጠላ ራይቦዞሞች መብዛታቸው «መቆለፉን» ያረጋግጣል። ጉዋኖሲን የተባለውን የፑሪን ውህድ መጨመር ምርቱን ስለማይመልስ ምክንያቱ የፑሪን እጥረት ሊሆን አይችልም። በመጨረሻም መድኃኒቱ አር ኤን ኤ ውስጥ ገብቶ የተበላሸ ፕሮቲን ያስመርታል፤ ሕዋሱም የሚሞተው በዚሁ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ጽሑፉ የፕሮቲኖችን ዕድሜ ለመለካት የፕሮቲን ምርትን በሚያስቆመው በሳይክሎሄክሲማይድ ምትክ መርካፕቶፑሪን እንድንጠቀም ይመክራል።

ምላሽ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይህ የመጨረሻው ምክር ነው፤ ሐሳብ ሆኖ አይቀርምና፣ ወደ ሙከራ ጠረጴዛ ይወርዳል። መድኃኒቱ በቤተ ሙከራ በሚባዙ ሕዋሳት ውስጥ የፕሮቲን ምርትን ይቀንሳል በሚለው አንለያይም። የምንለያየው በምን መንገድ፣ በስንት ሰዓትና ምን ያህል በሚሉት ላይ ነው፤ ምክሩን የሚያቆመውም ሆነ የሚጥለው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

አስቀድሞ የመድኃኒቱን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሠሩት መርካፕቶፑሪን ወደ ሕዋሱ እንደ ገባ አይሠራም። መጀመሪያ ኤችፒአርቲ የተባለው ኢንዛይም ከራይቦስ ፎስፌት ጋር አጣምሮ ቲዮ-አይኤምፒ ያደርገዋል። ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በሁለት ኢንዛይሞች አልፎ ወደ ቲዮጉዋኒን ኒውክሊዮታይዶች ይደርሳል፤ እነዚህ ወደ አር ኤን ኤና ወደ ዲ ኤን ኤ ይገባሉ። በሌላው መንገድ ቲፒኤምቲ የተባለው ኢንዛይም ሜቲል ይጨምርበትና ሜቲል-ቲዮ-አይኤምፒ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ሕዋሱ ፑሪንን ከባዶ የሚሠራበትን መስመር ገና ከመጀመሪያው ኢንዛይም ላይ ይዘጋዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሹካ ላይ የቆመ ነው።

«ሁለቱም የፑሪን አምሳያዎች ናቸው»

ፑሮማይሲን ራይቦዞም ላይ የሚሠራው ፑሪን ስላለው ብቻ አይደለም። ሞለኪዩሉ ሦስት ክፍል አለው፦ ዳይሜቲልአዴኒን፣ በሦስተኛው ካርቦኑ ላይ አሚኖ ያለው ራይቦስ፣ እና ከዚያ አሚኖ ጋር የተያያዘ ሜቶክሲ-ፌኒልአላኒን። ሦስቱ አንድ ላይ ሆነው የአስተላላፊ አር ኤን ኤን ጫፍ ከነተሸከመው አሚኖ አሲድ ይመስላሉ። ራይቦዞሙ በማደግ ላይ ያለውን የፕሮቲን ሰንሰለት ወደዚህ አስመሳይ ያሻግረዋል፤ ማሰሪያው አማይድ ስለሆነም ወደፊት መቀጠል አይቻልም፤ ሰንሰለቱ ተቆርጦ ይወድቃል። አሚኖ አሲዱ ከተወገደ የሚቀረው ፑሮማይሲን አሚኖኒውክሊዮሳይድ ይህን ሥራ መሥራት አይችልም፤ ፑሪኑ ግን ሳይነካ አለ። መርካፕቶፑሪን ደግሞ ራይቦስም አሚኖ አሲድም የለውም፤ ሰልፈር የተንጠለጠለበት እርቃኑን የቆመ ቤዝ ነው። በመዋቅር መመሳሰል ላይ የተመሠረተው ክርክር እዚህ ያበቃል።

የጊዜውም ነገር አይገጥምም። ፑሮማይሲንም ሳይክሎሄክሲማይድም ምርቱን በደቂቃዎች ውስጥ ያስቆማሉ። የመርካፕቶፑሪን ተጽእኖ ግን በሰዓታት የሚቆጠር ነው፤ መጀመሪያ ወደ ኒውክሊዮታይድ መለወጥ፣ ከዚያ መከማቸት፣ ከዚያም የሕዋሱ የፑሪን ክምችት እስኪሟጠጥ መጠበቅ አለበት። በቀጥታ የሚቆልፍ ነገር ይህን ሁሉ ሰዓት የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

ነገሩን የሚለየው ፈተና ቀላል ነው። ኤችፒአርቲ የሌላቸው ሕዋሳት አሉ፤ ከሌሽ-ናይሃን ሕመምተኞች የተወሰዱ ፋይብሮብላስቶችም ሆኑ የመርካፕቶፑሪን ቅርብ ዘመድ በሆነው በ6-ቲዮጉዋኒን ተመርጠው የቀሩ ክሎኖች ያገለግላሉ። መድኃኒቱ ራይቦዞሙን በራሱ የሚዘጋ ከሆነ እነዚህ ሕዋሳትም እኩል መጎዳት አለባቸው። ተግባራዊ እውነታው ግን የታወቀ ነው፦ ኤችፒአርቲ ያጡ ሕዋሳት ቲዮፑሪኖችን (እነዚህን ሰልፈር ያላቸው የፑሪን አምሳያዎች) ይቋቋማሉ፤ ሕዋሳትን በዚህ ባሕርይ መምረጥ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተለመደ የጄኔቲክስ ዘዴ ነው። ጽሑፉ ይህን ኮንትሮል አንድም ቦታ አያነሣውም። በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥም የፕሮቲን ምርቱ በተመሳሳይ መጠንና ፍጥነት ይወርዳል የሚል ማስረጃ ቢቀርብ ክርክሩን ለጸሐፊው እተውለት ነበር።

«ሉሲኑ በግማሽ ወረደ»

ጽሑፉ ቁጥሩን የሰጠው በአንድ ሳህን እንጂ በአንድ ሕዋስ አይደለም። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በሒሳብ እንየው። ሁለት ሳህኖች እያንዳንዳቸው በ100,000 ሕዋስ ይጀምሩ። ኮንትሮሉ በየ24 ሰዓቱ እጥፍ እየሆነ በ48 ሰዓት 400,000 ይደርሳል። መድኃኒት ያለበት ሳህን አንድ ጊዜ ብቻ ተባዝቶ 200,000 ላይ ይቆም። እያንዳንዱ ሕዋስ በሁለቱም ሳህን እኩል ፕሮቲን ቢያመርት እንኳ የሁለተኛው ሳህን ሬዲዮአክቲቭ ቆጠራ ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ «በግማሽ ወረደ» የሚለው ውጤት ብቻውን የሚያሳየው የሕዋሳቱ መባዛት መቆሙን ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከመድኃኒቱ የምንጠብቀው ነው። ቆጠራው በሕዋስ ቁጥር ወይም በዲ ኤን ኤ መጠን መካፈል አለበት። በጠቅላላ ፕሮቲን ማካፈልም ይቻላል፤ ነገር ግን መባዛታቸው ቆሞ በመጠን ያበጡ ሕዋሳት ካሉ እሱም ያሳስታል፤ ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ ቢቀር የሚሻለው ይኸኛው ነው።

በሕይወት ያሉትን ሕዋሳት ለመቁጠር ቴትራዞሊየም ቀለም የሚጠቀሙ ሰዎችም እዚህ ይጠንቀቁ። ሰልፈር ያላቸው ውህዶች ሕዋስ በሌለበትም ቀለሙን ሊለውጡት ይችላሉ፤ ስለዚህ መድኃኒትና ማብቀያ ፈሳሽ ብቻ ያለበት፣ ሕዋስ የሌለበት ባዶ ኮንትሮል የግድ ነው። በመዳብ የሚሠራው የፕሮቲን መለኪያም እንዲሁ በእነዚህ ሰልፈር ባላቸው ውህዶች ይረበሻል፤ ሕዋሳቱን ሁለት ጊዜ በጨው ቋት አጥቦ መፍጨት ይህን ያስወግዳል።

የሉሲኑ አያያዝ ራሱ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ወደ ፕሮቲን የገባው ሬዲዮአክቲቭ ሉሲን መቀነስ ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፦ ምርቱ ቀንሷል፤ ወይም ሉሲን ወደ ሕዋሱ የሚገባበት ፍጥነት ቀንሷል፤ ወይም በሕዋሱ ውስጥ ያለው ምልክት የሌለው ሉሲን በዝቶ ምልክት ያለውን አቅጥኖታል። ይህን ለመለየት በ10 ፐርሰንት ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ የማይዘቅጠውን ክፍል ለብቻው መቁጠር ያስፈልጋል፤ ይህ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ነጻ ሉሲን ያሳያል። የዘቀጠው ደግሞ በዚያው አሲድ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ20 ደቂቃ ያህል መሞቅ አለበት፤ አለዚያ ከአስተላላፊ አር ኤን ኤ ጋር የተያያዘው ሉሲን እንደ ፕሮቲን ይቆጠራል።

ምልክቱን ለማጉላት ሕዋሳቱን ሉሲን በሌለበት ማብቀያ ውስጥ ማስቀመጥም በዚህ ጥያቄ ላይ ትልቅ ስሕተት ነው። ዲኤምኢኤም የተባለው የተለመደ ማብቀያ 0.8 ሚሊሞላር ሉሲን አለው። ሉሲኑን ማስወገድ ኤምቶር የተባለውን የእድገት ተቆጣጣሪ ኪናዝ በራሱ ያወርደዋል፤ የፕሮቲን ምርትም አብሮ ይወርዳል። መድኃኒቱ በዚያው መንገድ የሚሠራ ከሆነ ኮንትሮሉ አስቀድሞ ስለተጎዳ ልዩነቱ ይጠባል ወይም ይጠፋል። ለዚህ ጥያቄ የሚሻለው አሚኖ አሲዶችን ሳይነኩ ለ10 ደቂቃ ብቻ ጥቂት ፑሮማይሲን ጨምሮ፣ የተቆረጡትን ሰንሰለቶች በፀረ-ፑሮማይሲን አንቲቦዲ መለካት ነው፤ በሚሊሊትር ከ1 እስከ 10 ማይክሮግራም፣ ማለትም ከ1.8 እስከ 18 ማይክሮሞላር ገደማ ይበቃል። ይህ ዘዴ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስፋት የሚሠራበት ነው። ምርት የቆመበትን ባዶ ናሙና ለማግኘት ግን ኤመቲን አይጠቀሙ፤ ኤመቲን ራይቦዞሙን ቢያቆመውም ፑሮማይሲን እንዳይገባ አይከለክለውም፤ ባዶ የተባለው ናሙና ብሩህ ሆኖ ይወጣል።

«ፖሊዞሞቹ ፈረሱ»

እዚህ ላይ ጽሑፉ ያቀረበው ማስረጃ ከራሱ መደምደሚያ ጋር ይጋጫል፤ በመሆኑም ጠንከር ብዬ ልቆይበት እፈልጋለሁ። ፖሊዞም ማለት አንድ መልእክተኛ አር ኤን ኤ ላይ የተደረደሩ ብዙ ራይቦዞሞች ማለት ነው። ራይቦዞም መልእክቱ መሐል ላይ ቢቆለፍ ከፊቱ ያሉት ጨርሰው ይወርዳሉ፣ ከኋላው ያሉት ግን መሄጃ ያጣሉ፤ ሁሉም በያሉበት ቢቆለፉ ደግሞ ፖሊዞሙ እንዳለ ይቆያል። ሳይክሎሄክሲማይድ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ሕዋሱን ከመፍጨታችን በፊት በሚሊሊትር 100 ማይክሮግራም የምንጨምረውም ፖሊዞሞቹ እንዳይወርዱ ለማቆየት ነው። ፖሊዞም ቀንሶ 80ኤስ የተባለው ነጠላ ራይቦዞም የሚበዛው አዲስ ጅማሬ ሲያንስ ነው፤ የጀመሩት ጨርሰው ይወርዳሉ፣ የሚተካቸው ግን አይገኝም። ስለዚህ ጸሐፊው ያሳየው ምስል የጅማሬ መቀነስ ምስል እንጂ የመቆለፍ አይደለም።

ፍትሐዊ ለመሆን፦ ፑሮማይሲንም ፖሊዞሞችን ያፈርሳል፤ ሰንሰለቱን ቆርጦ ራይቦዞሙን ስለሚያስለቅቅ። ስለዚህ 80ኤስ መብዛቱ ብቻውን ፑሮማይሲን መሰል ሥራን ውድቅ አያደርግም፤ ይህን ለጸሐፊው እቀበላለሁ። የሚለየው የማራዘም ፍጥነት ነው። ሃሪንግቶኒን (በሚሊሊትር 2 ማይክሮግራም) አዲስ ጅማሬን ይከለክላል፤ በመንገድ ላይ ያሉት ግን ይጨርሳሉ። ሃሪንግቶኒን ከተጨመረ ከ0፣ ከ1፣ ከ2፣ ከ4 ደቂቃ በኋላ የ10 ደቂቃውን የፑሮማይሲን ምልክት መለካት የሰንሰለቶቹን መመናመን ያሳያል፤ በአጥቢ ሕዋስ አንድ ራይቦዞም በሰከንድ ወደ 5 ወይም 6 አሚኖ አሲድ ስለሚያስገባ ምልክቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መጥፋት አለበት። መርካፕቶፑሪን ማራዘምን የሚያዘገይ ከሆነ የመመናመኑ መስመር ይረዝማል። የሚነካው ጅማሬን ብቻ ከሆነ ግን መነሻው ዝቅ ይላል እንጂ ቁልቁለቱ እንደ ኮንትሮሉ ይሆናል። ምልክት የመስጫው ጊዜ ከመለኪያ ነጥቦቹ እንዳይረዝም ለሚጨነቅ፣ 10 ደቂቃውን ወደ 2 ደቂቃ ዝቅ አድርጎ የፑሮማይሲኑን መጠን ከፍ ማድረግ ይቻላል።

የ80ኤስ መብዛት ከመድኃኒቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሌላ ምንጭም አለው፦ አር ኤን ኤ ቆራጭ ኢንዛይም። ናሙናው በቆራጭ ከተበከለ መልእክቱ በራይቦዞሞቹ መካከል ይቆረጥና ሁሉም ነጠላ መስሎ ይወጣል። መለያው ጨው ነው። ናሙናውን 500 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ባለበት የሱክሮስ እርከን ውስጥ እንደገና ማሽከርከር ነው፤ መልእክት ያልያዙ ባዶ 80ኤሶች ወደ ሁለቱ ክፍሎቻቸው፣ 40ኤስና 60ኤስ፣ ይለያያሉ፤ በተቆረጠ መልእክት ላይ የተቀመጡት ግን ከነሰንሰለታቸው ይጸናሉ። ማግኒዢየሙ ከ5 ሚሊሞላር እንዳያንስ፤ ሲያንስ ራይቦዞሞቹ በራሳቸው ይለያያሉ፣ ሙከራውም ከንቱ ይሆናል።

ታዲያ ጅማሬው ለምን ቀነሰ? ሁለት በሮች አሉ። የመጀመሪያው ኤምቶር ነው። የፑሪን ኒውክሊዮታይድ ሲያንስ ኤምቶር ኮምፕሌክስ 1 እንደሚወርድ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሁለት የተለያዩ የጥናት ቡድኖች አሳይተዋል። ኤምቶር ሲወርድ 4ኢ-ቢፒ1 የተባለው ፕሮቲን ፎስፌቱን አጥቶ የመልእክቱን ቆብ የሚይዘውን 4ኢ ይጠልፈዋል፤ ራይቦዞሙም ወደ መልእክቱ አይመጣም። ሁለተኛው በር ጅማሬን የሚያስጀምረው ፋክተር 2 ነው። ይህ ፋክተር የሚሠራው ጂቲፒ የተባለውን ኃይል ሰጪ የፑሪን ኒውክሊዮታይድ ይዞ ነው፤ ጂቲፒው ሥራ ላይ ሲውል የሚቀረውን ጂዲፒን ግን ከጂቲፒ በመቶ እጥፍ ገደማ አጥብቆ ይይዛል፤ ስለዚህ የሚያሳስበው የጂቲፒ መጠን ብቻ ሳይሆን ከጂዲፒ ጋር ያለው ጥምርታም ነው። ማራዘም ግን ለዚህ ያን ያህል ስሱ አይደለም። በአንድ አሚኖ አሲድ ሁለት ጂቲፒ ይፈጃል እውነት ነው፤ ነገር ግን የአጥቢ ሕዋስ የጂቲፒ ክምችት በአማካይ ግማሽ ሚሊሞላር አካባቢ ስለሆነ ወደ ግማሽ ቢወርድ እንኳ የማራዘሚያ ፋክተሮቹ ከሚያስፈልጋቸው እጅግ የበዛ ይቀራል።

ሁለቱን በሮች ለመለየት ፎስፌትን የሚያሳይ ሦስት የአንቲቦዲ ምርመራ ይረዳል፦ የኤስ6 ኪናዝ ትሪዮኒን 389፣ የ4ኢ-ቢፒ1 የፎስፌት መጠን፣ እና የፋክተር 2 አልፋ ሴሪን 51። የመጨረሻው ከጨመረ መልሱ ፋክተር 2ን የሚገታው የሕዋሱ የጭንቀት ምላሽ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ከወረዱ መልሱ ኤምቶር ነው።

«ጉዋኖሲን አልመለሰውም»

የጽሑፉ ብልሃት የተሞላበት ክርክር ይህ ነው፤ የተሳሳተውም በብልሃቱ ልክ ነው። እጥረት ቢሆን ኖሮ የጎደለውን ብንሰጥ ይመለስ ነበር ይላል። ነገር ግን ጉዋኖሲን በቀጥታ ጂቲፒ አይሆንም። ፑሪን ኒውክሊዮሳይድ ፎስፎሪሌዝ ይሰነጥቀውና ጉዋኒን ይሆናል፤ ጉዋኒን ወደ ኒውክሊዮታይድ የሚገባው ደግሞ በኤችፒአርቲ በኩል ነው። መድኃኒቱም የሚገባው በዚያው ኢንዛይም ነው። ስለዚህ የጉዋኖሲን ውጤት ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው፦ ጉድለትን መሙላትና መድኃኒቱን ከበሩ ላይ መግፋት። ቢመልሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ካልመለሰውም እጥረት የለም ማለት አይቻልም፤ ጉዋኖሲን የጂቲፒን ወገን ብቻ ነው የሚሞላው፤ ኤምቶር ግን የአዴኒን ኒውክሊዮታይድን መጉደልም ያያል።

ጥያቄውን በንጽሕና የሚመልሰው መሣሪያ ሜቲልመርካፕቶፑሪን ራይቦሳይድ ነው። ይህ ውህድ በኤችፒአርቲ አያልፍም፤ አዴኖሲን ኪናዝ ፎስፌት ጨምሮበት በቀጥታ ሜቲል-ቲዮ-አይኤምፒ ያደርገዋል። የፑሪንን መስመር ይዘጋል፤ ቲዮጉዋኒን ሆኖ ዲ ኤን ኤ ውስጥ ግን አይገባም። በዚህ ላይ 100 ማይክሮሞላር ሃይፖክሳንቲን (በኤችፒአርቲ በኩል የሚገባ ፑሪን) ሲጨመር የሚመለሰው ነገር በበር ላይ ግፊያ ሊሆን አይችልም፤ የሚገቡበት በር የተለያየ ነውና። ከእሱ ጎን ደግሞ 6-ቲዮጉዋኒንን ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው፤ እሱ ዲ ኤን ኤ ውስጥ በብርታት ይገባል፣ የፑሪንን መስመር ግን ከመርካፕቶፑሪን ባነሰ ኃይል ነው የሚዘጋው። ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ ያሠራ ሰው የሹካውን ሁለት ጥርሶች ለይቶ ያያል።

ጸሐፊው ያላነሣው፣ ግን ውጤቱን ሊያበላሸው የሚችል ነገር ማብቀያ ፈሳሹ ውስጥ አለ። ሃምስ ኤፍ-12 የተባለው ማብቀያ በፋብሪካ ቀመሩ 30 ማይክሮሞላር ያህል ሃይፖክሳንቲን ይዟል፤ ከዲኤምኢኤም ጋር እኩል የተቀላቀለው 15 ማይክሮሞላር ያህል አለው። ዲኤምኢኤም ብቻውንና አርፒኤምአይ 1640 ግን የላቸውም። ያልተጣራ የከብት ፅንስ ሴረምም የራሱን ሃይፖክሳንቲን ያመጣል፤ መጠኑ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ይለያያል። አንድ ሕዋስ በአንድ ማብቀያ ተጎድቶ በሌላው ካልተጎዳ ምስጢሩ በሕዋሱ ላይሆን ይችላል። ማንም ይህን ሙከራ የሚሠራ ሰው ሃይፖክሳንቲን የሌለው ማብቀያና ዳያላይዝ የተደረገ (ትንንሽ ሞለኪዩሎቹ የተወገዱለት) ሴረም ይጠቀም። «በአንዳንድ የሕዋስ ዓይነቶች አይሠራም» የሚለው የጽሑፉ ቅሬታ ከፊሉ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ከፊሉ ደግሞ ሕዋሳት የቲፒኤምቲ መጠናቸው ስለሚለያይ ነው።

«የተበላሸ አር ኤን ኤ፣ የተበላሸ ፕሮቲን»

ቲዮጉዋኒን አር ኤን ኤ ውስጥ መግባቱ እውነት ነው። እዚህ ላይ ጽሑፉ ከብዙ የመማሪያ ማጠቃለያዎች ይሻላል፤ እነሱ ስለ ዲ ኤን ኤ ብቻ ነው የሚያወሩት። የፑሪን አምሳያዎች ሁሉ ከትርጉም ሥራ ጋር አይገናኙም ማለትም ስሕተት ነው፦ 8-አዛጉዋኒን በብዛት ወደ አር ኤን ኤ ይገባል፣ የራይቦዞም አር ኤን ኤን ብስለት ያደናቅፋል፣ የትርጉምን ጅማሬም ይነካል። ጸሐፊው ክርክሩን በእሱ ላይ ቢያቆመው ኖሮ ብዙ የምለው አልነበረኝም። የ8-አዛጉዋኒንን ባሕርይ ለመርካፕቶፑሪን ማውረስ ግን አይቻልም። «የተበላሸ ፕሮቲን» የሚለው ክስ ደግሞ የተሳሳቱ አሚኖ አሲዶችን የሚያሳይ የማስ ስፔክትሮሜትሪ (ሞለኪዩሎችን በክብደታቸው የሚለይ መለኪያ) ማስረጃ ይፈልጋል፤ የሉሲን ቆጠራ ይህን ሊያሳይ አይችልም።

ሞቱን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው። ቲዮጉዋኒን ዲ ኤን ኤ ውስጥ ከገባ በኋላ ሕዋሱ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በሁለተኛው የዲ ኤን ኤ ቅጂ ዙር ላይ ነው፤ የስሕተት ጥገና ሥርዓቱ የማይጠገነውን ሊጠግን ሲደጋግም። ኤምኤልኤች1 የተባለው የጥገና ፕሮቲን የሌለውን የካንሰር ሕዋስ ኤችሲቲ116ን የመሰሉ፣ ይህ ጥገና የጎደላቸው ሕዋሳት ቲዮፑሪንን በተሻለ ይታገሣሉ። ራይቦዞም ተቆልፎ የሞተ ሕዋስ የዲ ኤን ኤ ጥገናው ይኑር ይጥፋ ምን ልዩነት ያመጣለት ነበር?

በሳይክሎሄክሲማይድ ምትክ?

ሳይክሎሄክሲማይድ ንጹሕ መሣሪያ አይደለም የሚለውን እቀበላለሁ። ምርቱ ሲቆም በሕዋሱ ውስጥ አሚኖ አሲድ ይጠራቀማል፣ ኤምቶርም ይነሣል፤ ከጥቂት ሰዓት በላይ ሲቆይም ሕዋሱን ይገድላል። ምትኩ ግን መርካፕቶፑሪን ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱ በቁጥር ይታያል።

የአንድ ፕሮቲን ግማሽ ዕድሜ 2 ሰዓት ነው እንበል። ምርቱ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በ2 ሰዓት 50 ፐርሰንት፣ በ4 ሰዓት 25 ፐርሰንት ይቀራል። ምርቱ በግማሽ ብቻ ከወረደ ግን ፕሮቲኑ ወደ ዜሮ አይሄድም፤ ወደ 50 ፐርሰንት ወርዶ እዚያ ይረጋል። በ2 ሰዓት 75፣ በ4 ሰዓት 62.5 ፐርሰንት ይሆናል። የ2 ሰዓቱን ነጥብ ይዞ ግማሽ ዕድሜውን ያሰላ ሰው 4.8 ሰዓት ያገኛል፤ የ4 ሰዓቱን የያዘ ደግሞ 5.9 ሰዓት። ፕሮቲኑ ግን አልተለወጠም። ይህም መድኃኒቱ በዜሮ ሰዓት ሥራ ይጀምራል ብለን ነው፤ በእውነቱ ግን የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወደ ኒውክሊዮታይድ በመለወጥ ስለሚያልፉ መስመሩ መነሻው ላይ ጠፍጣፋ ይሆናል። ግማሽ ዕድሜው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ የሆነን እንደ ሚክ ያለ ፕሮቲን በዚህ መለካት በፍጹም አይቻልም።

መጠኑና ማሟሚያውም ጉዳት አላቸው። ጽሑፉ 100 ማይክሮሞላር ይመክራል፤ በአፍ ከተወሰደ በኋላ በሕመምተኛ ፕላዝማ ውስጥ የሚደርሰው ከፍተኛ መጠን ብዙውን ጊዜ 1 ማይክሮሞላር አካባቢ ነው። መድኃኒቱ ውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ ጸሐፊው እንዳለው 10 ሚሊሞላር ስቶክ (የሚበረዝ ወፍራም መነሻ) በዲኤምኤስኦ ማሟሚያ ከተሠራ 100 ማይክሮሞላር ለመድረስ 1 ፐርሰንት ዲኤምኤስኦ ይገባል፤ ይህ በራሱ ብዙ ሕዋሳትን ይረብሻል። ከፍ ያለ መጠን የግድ ካስፈለገ 50 ሚሊሞላር ስቶክ ተሠርቶ ዲኤምኤስኦው በ0.2 ፐርሰንት ይወሰን፤ ኮንትሮሉም ያንኑ ያህል ያግኝ። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያሟሙ ሰዎች ፒኤቹን ይፈትሹ፤ ስቶኩም ከብርሃን ተጠብቆ በትንንሽ ክፍል በቅዝቃዜ ይቀመጥ፤ ሰልፈሩ ኦክሲጅን አግኝቶ ሁለት ሁለት እየሆነ ይያያዛልና።

አንድ ፕሮቲን ላይ ደግሞ ምክሩ መልሱን ጭራሽ ይገለብጠዋል። ጂቲፒ ሲያንስ የራይቦዞም አር ኤን ኤ ምርት ይወርዳል፤ ቦታ ያጡት የራይቦዞም ፕሮቲኖች አርፒኤል5ና አርፒኤል11 ኤምዲኤም2ን ይይዙታል፤ ፒ53 የተባለውን ዕጢን የሚከላከል ፕሮቲን የሚያስወግደውም ኤምዲኤም2 ነው። በዚያ ላይ የዲ ኤን ኤው ጉዳት ይጨመራል። በመርካፕቶፑሪን የፒ53ን ዕድሜ ለመለካት የተነሣ ሰው በደቂቃዎች የሚጠፋው ፕሮቲን ሲከማች ያያል፤ ከዚያም መድኃኒቱ ራሱ ያመጣውን መከማቸት የፕሮቲኑ ባሕርይ አድርጎ ይመዘግባል።